ሰሙ ያልቀለጠበት ማክሰኞ

«የሦስት ሩብ ጎሚቶ አለ?»

«የሦስት ሩብ አልቋል። የግማሽ ልስጥህ?»

«ከጠበበ ያንጠባጥባል።»

የምስጢር ምልልሱ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ አለቀም። የቧንቧ ዕቃ ሻጩ ወደ ጓዳ ገባ። መርፌ ከሚባለው ገዢ ኋላ የተሰለፈው ወፍራም ሰውዬ ጃንጥላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። በዚያው ቅጽበት አውራ ጣት የምታህል ነገር በመርፌ የሥራ ካፖርት ኪስ ውስጥ ገባች።

«እንዳትዞር» አለ ወፍራሙ።

መርፌ አልዞረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ድምፅ ዞሮ አያውቅም። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰውዬውን «አጎት» ይሉታል። የማንም አጎት አይደለም፤ ዘመድ የሚያደርገው ሰው ሲያዝዝ ብቻ ነው።

«ይህች ጆሮ ናት» አለ አጎት። «አምስተኛ ፎቅ ያገኘኸው ቤት፣ ማሞቂያው ሣጥን ውስጥ ትገባለች። የሙቀት መቆጣጠሪያውን አውጥተህ በሱ ቦታ ትገጥማታለህ። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ትነቃለች፤ እኛም እንሰማለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አፋኞቹ ስንት እንደሆኑ እናውቃለን። ገብተን እሽጓን እናወጣለን። አንተ ግን ከስድስት በፊት ከሕንፃው ውጣ።»

«ለምን?»

«ስላልኩህ።»

ሻጩ ሲመለስ ወፍራሙ ሰውዬ የለም። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ከሩብ ነበር።

እሽጓ ሐኪም ናት። እስር ቤት ውስጥ የሞቱ አሥራ አንድ ሰዎችን የመረመረችው እሷ ነበረች። «የልብ ድካም ብለሽ ፈርሚ» አሏት፤ ፈረመች። እውነተኛውን የምርመራ ወረቀት ግን አላቃጠለችም። ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ችሎት ፊት ቀርባ ወረቀቶቹን ልታነብ ቀጠሮ ተይዞላታል። ከሰባት ሳምንት በፊት ግን የገባችበት ጠፋ። አጎት «ታፍናለች፤ አፏን ሊያዘጉ ነው» አለ። መርፌም አመነው። ከጠፋች በኋላ ከአንድ መኖሪያ ሕንፃ በስልኳ አንድ ጊዜ ብቻ ተደውሎ ነበር፤ ከየትኛው ቤት እንደሆነ ግን አልታወቀም።

ስለዚህ መርፌን የዚያ ሕንፃ የማሞቂያ ሠራተኛ አደረጉት።

ሕንፃው አርባ ሁለት ቤት አለው። በየቤቱ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ የቁም ሣጥን እኩሌታ የሚያህል የብረት ሣጥን ቆሟል፤ ውስጡ ሰም ነው። በዚያ ከተማ መብራት የሚመጣው በቀን ሦስት ሰዓት፣ ከእኩለ ቀን ስድስት እስከ ዘጠኝ ብቻ ነው። ያኔ ሰሙ ይቀልጣል። መብራቱ ሲሄድ ደግሞ ቀስ እያለ ይረጋል፤ እየረጋም የዋጠውን ሙቀት በየክፍሉ ቧንቧ እየተፋ ቤቱን ያሳድራል። የሕንፃው የማሞቂያ አለቃ ነገሩን በአንድ አፍ ይጨርሰዋል፦ «ሲቀልጥ ይበላል፣ ሲረጋ ያጎርሳል።»

በእያንዳንዱ ሣጥን ፊት ላይ አንድ የብርጭቆ ዓይን አለች። ሰሙ ቀልጦ ሳለ ዓይኗ እንደ ውሃ የጠራች ናት፤ ሲረጋ ትነጣለች። መርፌ ስድስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው አርባ ሁለት ዓይን እየዞረ አይቶ መዝግቧል። ባዶ ቤት ዓይኑ እንደጠራ ይቆያል። ልጅ የበዛበት ቤት ሌሊቱን ነጭ ይሆናል። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጡረተኛ መምህርት ብቻቸውን ናቸው። ጓዳቸውን «ጣሪያው ያፈሳል» ብለው ቆልፈውታል፤ የጓዳውን ቧንቧም ዘግቼዋለሁ ብለዋል። ሣጥናቸው ግን በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ድፍን ነጭ ነው።

አሮጊቷ ይዋሻሉ፤ ሰም መዋሸት አይችልም። ጓዳው ውስጥ የሚበርደው ሰው አለ።

ይህን ለአጎት ያስተላለፈው ትናንት ነበር። ኮርቶም ነበር፤ አሁን ሲያስበው ያፍራል።

የሕንፃው በር ላይ ሁለት አዳዲስ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ቡናማ ኮፍያ ደፍቷል። ሌላው ያላነደዳትን ሲጋራ ይዞ መንገዱን ሁሉ ያያል። መርፌ የመሥሪያ ቤቱን ጫማ ከሩቅ ያውቃል።

«ማሞቂያው መጣ» አለ ባለ ኮፍያው። «ቶሎ ሠርተህ ጥፋ፣ እሺ?»

«ሥራ በቶሎ ይበላሻል።»

«እግርህን አንቀሳቅስ፣ ፈላስፋ!»

አራተኛው ፎቅ የደረጃ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጆሮዋን ከኪሱ አወጣ። ለምን እንደቆመ ራሱም አላወቀም። ምናልባት እጁ ነው ያቆመው። ስድስት ሳምንት የማያውቁትን ሥራ ሲሠሩ ጣት ከራስ ቀድሞ ይማራል።

ጥቁር ናት። ሁለት የመዳብ እግር አላት። የማይክ ቀዳዳ የላትም። የምታስተላልፍበት ሽቦም የላትም።

ቁርጥ ዘበኛውን ትመስላለች።

ዘበኛ የሚሉት መቆጣጠሪያውን ነው። ሰሙ ሰባ ዲግሪ ላይ ሲደርስ መብራቱን ቆርጦ «በቃ» የሚለው እሱ ነው። አለቃው በመጀመሪያው ቀን የመርፌን ጆሮ ቆንጥጦ ነበር የነገረው፦ «ስማኝ። ዘበኛ ካልነቃ ሰም ይፈላል። የፈላ ሰም ይተናል። የተነነ ሰም አንዲት ብልጭታ ነው የሚጠብቀው። ያኔ እሳት ካየው ምን ለየው!»

መርፌ ከቦርሳው ደህና ዘበኛ አውጥቶ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚጮኸውን መፈተሻ፣ ቴስተሩን፣ አገናኘ። ቴስተሩ ጮኸ። ክብሪት ጭሮ ከሥሩ ያዘ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሰከንድ። ቀጭ አለና ጩኸቱ ተቋረጠ። ደህና ዘበኛ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ጆሮዋን አገናኘ። ክብሪት ጫረ። ቴስተሩ ጮኸ። አምስት። አሥር። ክብሪቱ ጣቱን አቃጠለው። ሁለተኛ ጫረ።

ቴስተሩ መጮኹን አላቆመም።

በፒንሳ ጨፈለቃት። ውስጧ አንድ ቁራጭ መዳብ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ለመስማት አልመጡም። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ይመጣል፤ ሰሙ ይቀልጣል፣ ይፈላል፣ ይነድዳል። የተቆለፈ ጓዳ፣ አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ሐኪም። ነገ ጋዜጣ ላይ «የማሞቂያ ብልሽት» ይባላል። የገጠመው ማን ነበር? ያ ከስድስት ሳምንት በፊት የተቀጠረው ጀማሪ።

መርፌ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ንዴቱ ከእግሩ ነው የጀመረው። ያናደደው መካዱ ብቻ አልነበረም፤ ንቀቱ ጭምር ነው። አጎት ሽፋን ብሎ የሰጠውን ሥራ ሥራ ብሎ አልቆጠረውም። ቢሮ ለተቀመጠ ሰው ፒንሳ የያዘ እጅ ሁሉ አንድ ነው፤ ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ግጠም ሲሉት ይገጥማል። ስድስት ሳምንት ሣጥን ሥር የተንበረከከ ሰው ይማር ይሆን ብሎ አልጠረጠረም።

አምስት ሰዓት ከአሥር።

አምስተኛው ፎቅ። አንኳኳ።

«ዛሬ ጠዋት አይተኸው የለም?» አሉ መምህርቷ በበሩ ስንጥቅ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አሁንም ስልሳ ተማሪ ቀጥ ያደርጋል።

«እማማ፣ ይክፈቱልኝ።»

«እማማህ ሌላ ቤት ናት። ሂድ!»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓዳ ያሉትን አውቃለሁ። በር ላይ ያሉት ሊገድሏት ነው የመጡት። የላኩት እኔን ነው።»

የበሩ ሰንሰለት ከውስጥ ተፈታ።

በሩ ተከፈተ። መርፌ አንድ እግሩን ሲያስገባ የወጥ ቤት ቢላ ጉሮሮው ሥር ተቀመጠ። ቢላው ስል ነው።

«ምን የሚሉት ገዳይ ነው ደጅ የሚያንኳኳ?» አሉ።

«ሐሳቡን የቀየረ።»

ጓዳው ተከፈተ። ሐኪሟ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ሁለት ሹራብ ደርባለች። ማንም አላፈናትም። መምህርቷ የእናቷ እህት ናቸው።

«አክስቴ፣ አውርጂው» አለች። ከዚያ ወደሱ ዞረች። «አንተ የምርመራ ወረቀቴን ልትወስድ ነው?»

«አልፈልገውም። ይህን ይዩ።» የተጨፈለቀችውን ጆሮ መዳፉ ላይ አሳያትና ምን እንደምትሠራ በአራት ቃል ነገራት።

ሐኪሟ መዳቡን ለረጅም ጊዜ አየችው። «በልብ ድካም ሞተች ይሉኝ ነበር እኔንም» አለች። አልሳቀችም። «በር ላይ ስንት ናቸው?»

«ሁለት። ከኋላም ይኖራሉ። ብቻዎን ከወጡ ያልቃል።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልውጣ?»

መርፌ ወለሉን አየ። ከሥሩ አራት ፎቅ፣ ከላዩ ሁለት ፎቅ። አርባ ሁለት ቤት።

«ከሁሉም ጋር» አለ።

ምድር ቤቱ ጨለማ ነው። አለቃው በባትሪ ብርሃን አንድ የዛገ ቧንቧ እየፈተገ አገኘው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሠላሳውን ያሳለፈው ከማሞቂያ ሥር ነው። ሰው ሲሰድብ ይውላል፤ ምሳውን ግን ሁልጊዜ ለሁለት ከፍሎ መርፌን ይጠብቃል።

«የት ነበርክ አንተ? ሞተሃል ብዬ ልቅሶ ልቀመጥ ነበር!»

«ጋሼ፣ የዋናውን ፊውዝ ቤት ቁልፍ ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ሦስተኛው ፊውዝ ሲሞቅ አይቻለሁ። መብራት ሳይመጣ ልቀይረው።»

ውሸት ነበር። አለቃው ከአንገቱ ላይ ቁልፉን አወጣ። ቁልፉን ለማንም አይሰጥም፤ ለራሱ ወንድም እንኳ እንዳልሰጠ ሕንፃው ያውቃል።

«እጅህ ጥሩ እየሆነ ነው» አለ እያቀበለው። «አፍህ እንጂ ገና ነው። ሰባራ ፊውዝ ነው እንጂ ሞቃት ፊውዝ አይባልም። ሂድ!»

መርፌ ፊውዝ ቤቱን ከፈተ። ሦስቱንም ዋና ፊውዞች ነቀለ። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ጣላቸው። ቁልፉን መለሰ።

«ቀየርክ?»

«ቀየርኩ።»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች መብራት በራ። ሕንፃው አልበራም።

ስድስት ተኩል። የብርጭቆ ዓይኖቹ ሁሉ ነጭ ናቸው። በየፎቁ በር ይከፈት ጀመር።

«የናንተ ቀለጠ?»

«ኧረ ምን ሊቀልጥ! ድንጋይ ነው!»

«ሳይቀልጥ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንስ? ልጆቼን ምን አልብሼ ላሳድራቸው ነው?»

ሰው ረሃብን ይታገሳል፣ ብርድን ግን አይታገስም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ደረጃው ሞላ። ብርድ ልብስ የተከናነቡ እናቶች፣ ካፖርት በፒጃማ ላይ የደረቡ አባወራዎች፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ ሁሉም እየተሳደቡ ይወርዳሉ። ባለ ኮፍያው ሊገድባቸው ሞከረ።

«አንድ በአንድ! ፊታችሁን አሳዩ!»

«ፊቴን? ፊቴን ታያለህ?» አለች አንዲት ግዙፍ ሴት ከሦስተኛ ፎቅ። «ይኸው ፊቴ! በብርድ የተላጠው! ወደ መብራት ቢሮው ነው የምንሄደው፤ ዞር በል!»

ባለ ኮፍያው ተገፋ። ኮፍያው ወደቀ። ሲጋራ የያዘው ግን አልተንቀሳቀሰም። ከበሩ ምሰሶ ተደግፎ እያንዳንዱን ፊት ያያል።

መርፌ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የሥራ ካፖርቱን ሁሉም ያውቀዋል።

«ይኸው ሌባው!» ጮኸ አንዱ። «ያበላሸው እሱ ነው!»

ከዘራ ትከሻው ላይ አረፈ። አንድ ሰው ተፋበት። ከሕዝቡ መሀል ግራጫ ብርድ ልብስ እስከ ግንባሯ የተከናነበች ሴት ወጣች፤ መምህርቷ ክንዷን ይዘዋል። ሲጋራ የያዘው ሰው ዓይን ወደ ግራጫው ብርድ ልብስ ዞረ።

ቆየ።

አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

ሐኪሟ መርፌን በጥፊ አጮለችው።

ከልቧ ነበር። ጆሮው ጮኸ፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። «ልጄ ሳንባው ታሞ ተኝቷል፣ አንተ ከንቱ!» ብላ ጮኸችበት። መምህርቷ ደግሞ ከላይ ጨመሩበት፦ «ድገሚው! የማንም ወፈፌ ፒንሳ ይዞ ሙያተኛ ነኝ ይላል!»

ሲጋራ የያዘው ሰው ሳቀ። «በይው፣ እናቴ!» አለ። ሲስቅ ዓይኑ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሣ።

ግራጫው ብርድ ልብስ በሩን አለፈ። መንገዱን ተሻገረ። ከስልሳ ሰው ጋር ማዕዘኑን ታጠፈ።

መርፌ ደሙን በእጅጌው ጠረገ። ስድስት ሳምንት የፈለጋት ሴት ያተረፈችለት ጥፊ ብቻ ነው፤ ደስ አለው።

አጎት ስምንት ሰዓት ላይ ራሱ መጣ። ጃንጥላውን አልያዘም። መርፌን የሕንፃው ጀርባ፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ መሀል ጠራው። ዛሬ ፊት ለፊት ቆሙ። መርፌ የሰውዬውን ፊት ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ የደከመው የትምህርት ቤት ጸሐፊ ይመስላል።

«ገጠምካት?»

«ገጥሜያለሁ። መብራቱ ነው ያልመጣው።»

«ፊውዝ ተነቅሏል። ሦስቱም።» አጎት ጠጋ አለ። «ሰዎቼ አምስተኛ ፎቅ ቢሄዱ ቤቱ ተቆልፏል። አሮጊቷ ከሰልፈኛው ጋር ወጥታለች ይሉኛል። እሽጓ ጓዳ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ቤቱን ሰብረው ይዩ።»

«በቀን? ስልሳ ሰው መብራት ቢሮው ደጅ እየጮኸ፣ ጋዜጠኛ እየመጣ? አንተ ማሰብ ካቆምክ ስንት ጊዜህ ነው?» የመርፌን እጅ አየ። «የፊውዝ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

መርፌ መልሱን ያውቃል። «የነቀልኩት እኔ ነኝ» ቢል ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይገለጣል። አጎት ጓዳው ባዶ መሆኑን ይረዳል፤ በሰዓት ውስጥ መንገድ ይዘጋል፣ ጣቢያ ይከበባል። ሐኪሟ እስከ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሌሊት ያስፈልጋታል። አጎት ፊውዙን የነቀለው የተማረረ ሠራተኛ ነው ብሎ ካመነ ግን ቤቱን እየጠበቀ ነገንም ያባክናል።

ሁለት ሌሊት።

ምድር ቤት ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ምሳ ገና አልተነካም።

«አለቃው ጋ» አለ መርፌ። «ከአንገቱ አያወልቀውም።»

ከአፉ ሲወጣ ሰማው። የገዛ ድምፁ ነው፤ ምንም አልተንቀጠቀጠም። አጎት ጣቱን ጥጉ ላይ ወደሚጠብቀው ባለ ኮፍያ አወዛወዘ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ አለቃውን እየጎተቱ አወጡት። ሲያልፉ መርፌን አየውና ጮኸ፦ «አንተ፣ ንገራቸው እንጂ! ልትቀይር ነው የወሰድከው! ንገራቸው!»

መርፌ ለአጎት ትከሻውን ነቀነቀ፤ ያበደ ሰው ነው እንደማለት።

አጎት አመነው። ፒንሳ የያዘ እጅ ሁሉ አንድ ነውና፣ ሽማግሌው ይዋሻል ብሎ ለማመን አልከበደውም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ችሎት ፊት ቆመች። አሥራ አንዱንም ወረቀት በስማቸው አነበበች። ድምፅዋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስምንተኛው ላይ ተሰበረ። ከሳምንት በኋላ አጎት በጤና ምክንያት ጡረታ ወጣ ተባለ። መርፌ ረቡዕ ማታውኑ ጠፍቶ ነበር። መታወቂያውን ቀደደ፤ ጢሙን አሳደገ፤ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ማሞቂያ የሌለው አንድ ክፍል ተከራየ። ማንም ፍለጋ አልመጣበትም። የፈለገው ቢኖር ኖሮ ይቀለው ነበር።

የአለቃውን ነገር በስልክ የነገረው አንድ የቀድሞ ባልደረባው ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ይዘውታል። ከሐሙስ በኋላም አለቀቁትም፤ ንዴታቸውን የሚወጡበት ሰው አስፈልጓቸው ነበር። «ያ ረዳትህ በእውነት ለማን ነው የሚሠራው?» ሲሉት አንድ ቃል ነበር የሚመልሰው፦ «እጁ ጥሩ ነው። ሌላ አላውቅም።» የቀኝ እጁን አራት ጣት ሰበሩት።

መርፌ ሁለት ወር ታገሠ። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ምን እንደሚል መንገዱን ሙሉ ተለማመደው። የአለቃውን በር ያንኳኳው ግን ሁሉንም ረስቶ ነው።

የአለቃው ሚስት ከፈተች። «ማን ልበል?»

«ጋሼን ፈልጌ ነበር።»

«ሰው ማየት አይፈልግም። ከየት ነህ?»

ከውስጥ የጫማ መጎተት ተሰማ። አለቃው ከሚስቱ ኋላ ቆመ። ከስቷል። ቀኝ እጁን ሹራቡ ውስጥ ከቶታል። መርፌን አየው፤ ከጫማው እስከ ጢሙ፣ ሳይቸኩል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለ መርፌ።

«ታውቀዋለህ?» አለች ሚስቱ ወደ ባሏ ዞራ።

«ስሙን ጠይቂው።»

«ስምህ ማነው፣ ወንድሜ?»

መርፌ አፉን ከፈተ። ምድር ቤት ውስጥ የሚጠራበት ስም ነበረው፤ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ከሰዓት የፈጠረለት። አሁን የሚኖርበትም አለ፤ እሱም ከዚያ የተሻለ አይደለም። እናቱ ያወጣችለትን ለመጥራት ደግሞ ምላሱ እንቢ አለ፤ ለዚህ ሰው ነግሮት አያውቅም።

አለቃው ጠበቀ። ጊዜ ሰጠው።

«አየሽ፣ አላውቀውም» አለ በመጨረሻ። «ዝጊው፤ ብርድ ይገባል።»

ዘጋችው።